የጋሽ ሀብቶም ቆርኪዎች

ናይሮቢ ካሳራኒ ሰፈር ከማታቱ፣ ከሚኒባሱ ማለት ነው፣ እንደወረድኩ ሁልጊዜ ኦቾሎኒ የምገዛት ሴት አለች። ሁልጊዜ ከእሷ መግዛቴ አምኛት እንዳይመስላችሁ፤ ስትሰፍር እጇ የሚታይበት ቦታ ስለምትቀመጥ ነው። እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። የታሸገ ውሃ ስገዛ ክዳኑ መነካካት አለመነካካቱን ሳላይ አልከፍትም፣ ደውሎ «እንደምን ነሽ» የሚለኝን ሰው «ቁጥሬን ማን ሰጠህ» ሳልል ደኅና ነኝ አልለውም፣ ባለቤቴም «አንቺ እኮ መልአክ ቢመጣ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» እያለ ይስቅብኛል። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሴትዮዋ ኦቾሎኒውን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ቤት ገብቼ ስፈታው የሞቀ ቅባትና የጋዜጣ ቀለም ሽታ ባንድ ላይ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ ወዝ በጠጣው ወረቀት ላይም አንድ ክብ አየሁ፦ ዙሪያውን የእንግሊዝኛ ፊደሎች የተደረደሩበት፣ መሃሉ ላይ አንድ ፊደል ብቻውን የተቀመጠበት፣ ከእነዚህ ፊደሎች ስንት ቃል ታወጣለህ የሚለው የጋዜጣ ጨዋታ ነው። አንድ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ ጀምሮት ትቶታል። ልጆቼ እራት እስኪሉኝ ድረስ ወረቀቱን እንደያዝኩ ማድ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው እዚሁ ከተማ፣ ኢስትሊ ሰፈር ነበር፣ ከታች ጨርቅ የሚሸጥበት ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ቀን ከሌት አዲስ ጨርቅና የጄኔሬተር ጭስ የሚሸትበት፣ የማታቱ ረዳቶች «ታውን! ታውን!» ሲሉ ድምፃቸው እኛ ሳሎን ድረስ የሚገባበት ቤት። እናቴ ወይዘሮ አልማዝ ቤቱን ከባለንብረቱ በሙሉ ትከራይና ሁለቱን ክፍሎች መልሳ ለአበሻ ታከራያለች፤ አባቴ በከባድ መኪና ወደ ሞያሌ ስለሚመላለስ ለእኛ እንግዳ ማለት ነበር። በአንደኛው ክፍል እትዬ እልፍነሽ ትኖራለች፣ ካገር ቤት የሚላክላትን በርበሬና ቅመማ ቅመም ለምግብ ቤቶች የምታከፋፍል፣ ሳቋ ከደረጃው ሥር የሚሰማ፣ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለናቲ ቆሎ ሳትይዝ የማትገባ ሴት። ሌላው ክፍል ተከራይ ይገባበታል ይወጣበታል።

በዚያ ቤት የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው አላውቅም። ወደ ሦስተኛ አገር ለመሄድ ጉዳዩ የተጀመረለት ሰው «ፕሮሰስ አለው» ይባላል፣ እሱ ግን የለኝም ብሎ ይምላል፤ አንድ ቀን ጠዋት ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ነው መሄዱ የሚታወቀው። ስም ራሱ እንደ ልብስ ነበር የሚቀያየረው። ሰው ለወረቀት አንድ ስም አለው፣ ለሰፈር ሌላ ስም አለው፣ ከሁለቱ በታች ደግሞ ቄሱ ሲያጠምቁት ያወጡለት የክርስትና ስም አለው፣ ያኛው ለማንም አይነገርም። የክርስትና ስምህና የእናትህ ስም ባንድ ላይ ሰው እጅ ከገቡ፣ ዐዋቂ ነኝ ባይ ፊደላቸውን ቆጥሮ ኮከብህን ያወጣል፣ ክፉ ያሰበም ያስደግምብሃል ይባል ነበር። እናቴ እኔን ትምህርት ቤት ስትልከኝ ከምሳ ዕቃዬ ጋር የምታስጨብጠኝ ምክር ይኸው ነው፦ ስምሽን ለጠየቀሽ የሰፈሩን ንገሪ፣ የእኔን ለጠየቀሽ እማዬ ነው የምላት በይ።

ጋሽ ሀብቶም የመጣው ትልቁ ዝናብ ሊጀምር ሲል ነው፣ አንድ ሻንጣና በቃጫ ገመድ የታሰረ የጋዜጣ ክምር ይዞ። ከረን የተወለደ ኤርትራዊ ነው፤ ካቶሊክ ነው፣ ሚሲዮን ቤት ነው የተማረው፣ አዲስ አበባ ብዙ ዘመን እንግሊዝኛ አስተምሯል፣ አማርኛውም ከእኛ አማርኛ የጠራ ነበር። ሁለቱ አገሮች ከተለያዩ በኋላ ለምን አስመራ እንዳልገባ፣ ለምን አዲስ አበባ እንዳልቀረ፣ ናይሮቢስ ምን እንደሚሠራ ያወቀ አልነበረም፤ ጠይቆ ቁርጥ ያለ መልስ ያገኘም የለም። በኢስትሊ ሒሳብ ይሄ ብቻ ሰውን ጆሮ ጠቢ ለማሰኘት ይበቃል፤ የማን ጆሮ ጠቢ የሚለው ነበር የሚያከራክረው።

ሰውየው ግን የሰው ወሬ የሚሰማበት ጊዜ አልነበረውም። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በረንዳው ላይ ወንበሩን ያወጣል፣ ጋዜጣውን ክቡ የፊደል ጨዋታ ባለበት ገጽ ጉልበቱ ላይ ያጥፋል፣ ከዚያ ከረጢቱን ይፈታል። ከረጢቱ ውስጥ ቆርኪ ነው ያለው፣ ከታች ካለው ሻይ ቤት የለቀማቸው የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪዎች፣ በእያንዳንዱ ሆድ ውስጥ በነጭ ቀለም አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈበት። እነሱን በረንዳው ግንብ ላይ እየደረደረ ረጃጅም ቃል ያወጣል፣ ያፈርሳል፣ ከፍራሹ ሌላ ረጅም ቃል ይሠራል። የመጀመሪያ ቀን ያሳየኝን ዛሬም አልረሳሁትም፤ «ስኩልማስተር» ብሎ ደረደረ፣ ከዚያ ዓይኔ እያየ፣ አንድ ቆርኪ ሳይጨምር አንድ ሳይቀንስ፣ ጣቶቹን ወዲህ ወዲያ አድርጎ «ዘ ክላስሩም» አደረገው። መምህሩ ተበትኖ ክፍሉ ሆነ። ከሌላ ከረጢት የተደበቀ ቆርኪ አለ ብዬ ወንበሩ ሥር ሁሉ አየሁ፣ ያኔም የማላምን ነበርኩ፤ እሱ ግን ኪሱን ገልብጦ አሳየኝና ሳቀ። «ፐርሚሽን» የሚለው «ኢምፕሬሽን» ሲሆን፣ «ኮንቨርሴሽን» የሚለው «ኮንሰርቬሽን» ሲሆን እያየሁ አደግኩ ማለት እችላለሁ፤ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማይሆንልኝ ልጅ በአንድ ተርም ውስጥ መምህሯ «ማን ነው የሚያስጠናሽ» የምትላት ልጅ ሆንኩ። እኔም በተማርኩት መሠረት አባቴ ነው አልኳት።

ከሁሉ የሚወደው አምስቱን የእንግሊዝኛ አናባቢዎች በሙሉ የያዙ ቃላትን ነበር። ቤተሰብ ይላቸዋል። «ኤዱኬሽን» አለ፣ «ዳያሎግ» አለ፣ ጥንቃቄ ማለት የሆነው «ፕሪኮሽን» አለ፣ እናቴ ከገበያ የአበባ ጎመን ይዛ ስትገባ ደግሞ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ኮሊፍላወር! ይኸውልሽ አንዷ ዘመድ መጣች» ይላል። እናቴ ትስቃለች። አንድ ቀን አምስቱን ቆርኪዎች ለብቻ መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ «ጓለይ፣ ልጄ፣ እነዚህ ጠባያቸው ለየቅል ሆኖ አንድ ቃል ውስጥ ተስማምተው ከኖሩ እኛ አንድ ቤት ውስጥ መኖር ያቅተናል?» አለኝ። የሚያቅተን አይመስለኝም ነበር። ምሳ አብረን ነው የምንበላው፣ ናቲ እሱ ጉልበት ላይ ነው የሚተኛው፣ አባቴ ሳይኖር የሚያስቸግር ሰው ደረጃው ላይ ቢመጣ ወርዶ የሚያነጋግረው ጋሽ ሀብቶም ነበር።

እትዬ እልፍነሽ ግን ገና ከመጀመሪያው ሆዷ አልወደደውም። በርበሬዋን በረንዳ ላይ ልታሰጣ ስትወጣ ጋዜጣው ላይ ያን ክብ አይታለች፤ እሷ ደግሞ ፊደል የተጻፈበት ክብ የምታውቀው ከደብተራ ቤት ነው። እንደ ሞኝነት እንዳትቆጥሩባት። ትዳሯ የፈረሰው በመተት ነው ብላ ታምን ነበር፣ ባሏ እየወደደችው እየወደዳት አንድ ቀን ዓይንሽን ለአፈር ብሏት ነው የወጣው፣ ለዚህ ሌላ ምክንያት ከምትፈልግ መተት ብትለው ይቀላት ነበር። እና በቆርኪዎቹ አጠገብ ስታልፍ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ነው። «አልማዝዬ፣ ጎልማሳ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ፊደል ሲገጣጥም የሚውለው ለጤናው ነው?» ትላለች ለእናቴ፣ ማድ ቤት ውስጥ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እናቴ «የመምህር ጠባይ ነው፤ ተይው» ትላታለች። ግን ማሰሮውን ማማሰሏን ታቆማለች።

ነገሩ የመጣው በዓመቱ፣ በሁዳዴ ነው። ጋሽ ሀብቶም ለፋሲካ ለእያንዳንዳችን ስጦታ ሊያዘጋጅ አሰበ፤ ከየስማችን ፊደሎች አንድ አንድ የሚያምር የእንግሊዝኛ ሐረግ አውጥቶ፣ ቆርኪዎቹን ጣውላ ላይ መትቶ፣ በየበራችን ሊሰቅል። ደግ ሐሳብ ነው። ችግሩ ስሞቻችን አጫጭር ሆኑበት። እትዬ እልፍነሽ ከሥራ ስትመለስ በረንዳው በር ላይ ጠበቃትና፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሚሲዮን ቤት እንዳስተማሩት በትሕትና፣ «እትዬ እልፍነሽ፣ ከስምዎ እስካሁን በእንግሊዝኛ ያገኘሁት ‹ሕይወት› እና ‹ዶሮዎች› የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነው። ፊደል አነሰኝ። የክርስትና ስምዎንና የእናትዎን ስም ቢነግሩኝ ግን የሚገባዎትን አገኝልዎታለሁ» አላት።

እኔ እዚያው ነበርኩ። እትዬ እልፍነሽ የያዘችውን ፌስታል ለቀቀችው፣ ዝንጅብሉ ደረጃውን እየነጠረ ወረደ። ክፍሏ ገብታ ቆለፈች። እሱ ጎንበስ ብሎ ዝንጅብሉን እየለቀመ «ደክሟት ይሆናል» አለ። ምን እንደጠየቀ ፈጽሞ አልገባውም፤ እሱ በተማረበት ሚሲዮን ቤት የክርስትና ስም ጧት ጧት በክፍል ውስጥ እየተጠራ «አቤት» የሚባልበት ስም ነው። ማታውን ግን እናቴና እትዬ እልፍነሽ በር ዘግተው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «የእናቴ ስም ምን ያደርግለታል? ሊያገባት ነው? አፈር ከገባች ስንት ዘመኗ!» ትላለች እትዬ እልፍነሽ፣ «ሕይወትና ዶሮ አለኝ እኮ አልማዝ! ሕይወቴን በዶሮ ሊያስደግምብኝ!» እናቴ አልሳቀችም።

በዚያው ሳምንት ናቲ አተኮሰው። ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጋለ፣ ሌሊት ሲያለቅስ አደረ፣ ጠዋት እናቴ አንሶላውን ልትቀይር ፍራሹን ስታነሣ ከሥሩ ቆርኪ አገኘች። አንድ እፍኝ ቆርኪ፣ ሆዱ ላይ ፊደል የተጻፈበት። እትዬ እልፍነሽ አፏን በመዳፏ ያዘች።

አሁን ይሄን የሚያነብ ሰው ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ናቲ የቤቱ አይጥ ነበር፤ የእኔን ላጲስ፣ የእናቴን ማንኪያ፣ ያባቴን የጢም መላጫ ሳይቀር እየወሰደ ፍራሹ ሥር የሚከት ልጅ ነበር፣ ይሄን ደግሞ እናቴም ታውቃለች፣ እትዬ እልፍነሽም ታውቃለች፣ እኔም ጮኼ ተናግሬአለሁ። ክሊኒክ ወስደነውም ጆሮው ነው የቆሰለው ብለው ሽሮፕ ሰጡት። ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ የምታውቀውን ነገር ያስረሳሃል፤ ማወቅህን ራሱን ያስጠረጥርሃል። እትዬ እልፍነሽ «ልጁ ነው የወሰደው እንድንል ነው እኮ ያደረገው» አለች፣ እናቴም ቆርኪዎቹን ለቅማ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ጋሽ ሀብቶም ሳሎን ተጠራ። ዝናቡ አባርቶ በረንዳው ላይ ውሃ እየተንጠባጠበ ነበር። እናቴ ቆርኪዎቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች፣ ናቲ ጭኗ ላይ ነው፣ እትዬ እልፍነሽ በሩ አጠገብ ቆማለች፣ እኔ ከማድ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ አያለሁ። ያ ሰውዬ ውጣ ከተባለ በረንዳው ባዶ መሆኑ ነው፤ ሌላ አልታየኝም። እናቴ ቋጠሮውን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ጋሽ ሀብቶም ቆርኪዎቹን አይቶ «ሲጠፉብኝ እኮ ነው የሰነበቱት! ናቲ ነው አይደል?» ብሎ ሊስቅ ሲል የእናቴንና የእትዬ እልፍነሽን ፊት አየ፣ ሳቁም ከንፈሩ ላይ ቀረ።

«አቶ ሀብቶም» አለች እናቴ፤ ጋሽ ማለቷን ትታለች። «ቤቴ ገብተው የሰውን የክርስትና ስምና የእናት ስም ለምን እንደሚፈልጉ ይንገሩኝ። ልጆች አሉኝ።»

 ከዚያ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው አየሁ፣ ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ሲናገር ኖሮ ማንም ያላስተማረው አንድ ነገር እንዳለ ሲገባው። አልተቆጣም፣ አልማለም። ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ ከቆርኪዎቹ አጠገብ አስቀመጠና፣ «እንግዲያስ የእኔን ይያዙት» አለ። «ስጠመቅ ጳውሎስ ነው የተባልኩት። እናቴ ለተብርሃን ትባላለች።» የባርኔጣውን ጠርዝ ነካ አደረገ። «ለተብርሃን። ስሟን ጮክ ብዬ ከጠራሁ ስንት ጊዜዬ። ስትሞት አልቀበርኳትም። አሁን እጃችሁ ላይ ነኝ፤ የፈለጋችሁትን አድርጉበት።»

 በዚያ ቤት ውስጥ ሰው ስሙን እንዲህ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም፣ ምን ተብሎ እንደሚመለስም የሚያውቅ የለም። አንዳችን እንኳ የራሳችንን ብንመልስለት ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃ እንደነበር ዛሬ ይታየኛል። እናቴ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ «ይቅር ይበለን» አለች፣ ይቅር ይበለን ስትል ግን ለእግዜር ነው እንጂ ለእሱ አልነበረም። እሱ ቆርኪዎቹን ሰብስቦ ወደ ክፍሉ ሲገባ እትዬ እልፍነሽ ቀስ ብላ፣ «እውነተኛው ስሙ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለች።

ውጣ ያለው የለም፤ ይሄን አባቴም ሲመጣ ጠይቆ አረጋግጧል። ናቲ ድኖ ነበር፣ ሰላምታም አልተቋረጠም። ግን የፋሲካ ዕለት፣ ሁላችንም ማዕድ ዙሪያ ስንቀመጥ፣ የጋሽ ሀብቶም ምግብ በሳህን ተደርጎ በክዳን ተሸፍኖ ክፍሉ ድረስ ተላከለት። ወስጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ «እናትሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት» አለኝና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ማታ ሳህኑ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። በሳምንቱ ሌላ ቤት አገኘሁ ብሎ ወጣ፤ ደረጃውን ሲወርድ ቆርኪዎቹ ሻንጣው ውስጥ ሲንኳኩ እስከ ታች ድረስ ይሰማኝ ነበር። በየበራችን ሊሰቅል ያሰበውን አልጠየቅነውም። ካናዳ ገባ ያለ አለ፣ ካምፓላ ታየ ያለ አለ፣ እኔም እዚህ ከተማ ውስጥ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ፈጠን እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ ያ ስም እውነተኛው ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን የምጠይቅበት ቀን ዛሬም አለ፤ የተማርኩት ቤት እንዲህ ነው።

እትዬ እልፍነሽ አምና አረፈች። ከእኛ ቤት ከወጣች በኋላም አልተለየንም፤ የእኔን ሠርግ በርበሬ ያዘጋጀችው እሷ ናት፣ ልጆቼን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት፣ ቀብሯ ላይ የመጣው ሕዝብ ቤተ ክርስቲያኑ አልበቃውም። ቄሱ ፍትሐት ሊጀምሩ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ ቀና ብለው፣ «ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?» አሉ። እናቴ እኔን አየች። እኔ እናቴን አየሁ። የጽዋ ማኅበርተኞቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ ስንት ዓመት በርበሬ የገዟት ባለ ምግብ ቤቶች፣ ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። አንድ ሰው እንኳ አያውቅም። የእናቷንም ስም የሚያውቅ የለም። ቄሱ ትንሽ ጠበቁ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው በሰፈሩ ስሟ ጀመሩ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታለቅስ ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ከዚያ ቤት ተከራይ ሁሉ ለጸሎት የሚሆን ስም የያዝኩት የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ማዕድ ከልክዬው ነው የሸኘሁት» አለችኝ።

ከቀብር ስንመለስ እስከ ካሳራኒ ድረስ ታክሲው ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ መጣች። በራችን ላይ ስንደርስ ለሾፌሩ ከፈልኩ፣ እሷ ግን አትወርድም፤ መኪናው እንዲሄድ አልፈለገችም፣ ሾፌሩም እንዲሰማ አልፈለገችም። እሱ ሻንጣ ያለን መስሎት ወርዶ የኋላውን ሲከፍት፣ ክንዴን ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበችኝና፣ የእሷን ስመ ክርስትናና የእናቷን ስም ነገረችኝ። ድገሚው አለችኝ፤ ደገምኩላት። እኔ ልጇ ነኝ፣ ሁለቱንም ስሞች በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። እዚህ ልጽፋቸው አስቤ ብዕሬን አነሣሁ፣ ከዚያ ማን እንደሚያነበው አላውቅም ብዬ ተውኩት።